ጎረቤት ያዘዘው ኪኒን

ባለፈው ጥቅምት ሰርጓ የተቃረበ አንዲት ልጅ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ወዳለችው የልብስ ስፌት ቤቴ መጣች። ስለ ቀሚሱ አሠራር ከተስማማን በኋላ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ስቀርባት፣ እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«አሁን አትለኪኝ» አለች። «ሰርጌ ገና አራት ወር ይቀረዋል። እስከዚያ እከሳለሁ። ከአሁኑ ሁለት ቁጥር አሳንሰሽ ስፊልኝ።»

በምን እንደምትከሳ ብጠይቃት ከቦርሳዋ እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ አወጣች። አክስቷ ከውጭ የላከችላት ነው። በየቀኑ ሆዷ ላይ ትወጋዋለች። ምግብ ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨው፣ ለአንጎል «በቃኝ» የሚል ሆርሞን አለ አሉ፤ መድኃኒቱ ያንን ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ስለሆነ ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ትጠግባለች። «ረሃብ ምን እንደሚመስል ረሳሁት» አለችኝ እየሳቀች።

ሐኪም አዞልሽ ነው ወይ አልኳት።

«አይ፣ እማዬና አክስቴ ተነጋግረው ነው» አለች።

እኔ መድኃኒት የምጠላ ሰው አይደለሁም። ያው መርፌ ስኳር ያለበትን ሰው፣ ክብደቱ ደረጃ መውጣት የከለከለውን ሰው እንደሚረዳ ሰምቻለሁ፤ ሐኪም መርምሮ ከሰጠና ከተከታተለው እሰየው። የእኔ ደም የሚፈላው የዘመድና የጎረቤት ዐይን መድኃኒት ማዘዝ ሲጀምር ነው። «እኔ ፊቴ የቆመውን ገላ ነው የምለካው» አልኳት። «ለሚመጣው ገላ አልሰፋም። ከከሳሽ ያኔ ነይና አጠብልሻለሁ።» ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር። ልጅቷ ጨርቋን አጣጥፋ፣ ተቀይማ ወጣች።

እሷ ምንም አላጠፋችም። የጮህኩትም በእሷ ላይ አልነበረም። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ኪኒን ውጫለሁ፤ ያውም ለመወፈር።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ የምንኖረው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነበር። አባቴ ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ሆኖ የፊተኛው ሱቅ፣ የኋለኛው መኖሪያ ነበር። አባቴ ሴት ላይ ሜትር አይጥልም፤ ሃይማኖቱም ዓይናፋርነቱም አይፈቅዱለትም። ስለዚህ ገና በአሥራ አምስት ዓመቴ ሴቶቹን የምለካው፣ የምቆርጠውና የማስሞክረው እኔ ሆንኩ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ሴቶች ከሰንጋ ተራ ድረስ በስሜ እየጠየቁ ይመጡ ነበር። በሥራዬ እኮራ ነበር፤ አሁንም እኮራለሁ።

ቀጭን ነኝ። የአባቴ እናት እንዲህ ነበረች ይላሉ፤ እሷ ዘጠኝ ወልዳ፣ ዘጠኙንም አሳድጋ ነው የሞተችው። ግን በዚያ ዘመን በእኛ ሰፈር ቅጥነት እንደ ቁመት ወይም እንደ መልክ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አልነበረም። ሰላም ከመባሌ በፊት «ከሳሽ!» እባላለሁ። «ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው?» ይከተላል። «ኧረ ምንም» ስል ዐይናቸው ከፊቴ ወርዶ አንገቴ ሥር ያለችውን አጥንት ይለቅማል።

በሽታው በስሙ አይጠራም ነበር። «በሽታው» ከተባለ በቂ ነው። በዚያ ዓመት ከእኛ መንደር ብቻ ስንት ወጣት ቀብረናል፤ ለቅሶ ቤት ሲጠየቅ «ሳንባ ነው» ይባላል፣ «ጨጓራ ነው» ይባላል፤ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል፣ ማንም አያምንም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ገላ ማንበብ የተማረ መሰለው። የጉንጭ መጉደል ማስረጃ ሆነ።

እኛ ልብስ ሰፊዎች ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለን። ልብስ ስናስሞክር እጃችን ጨርቅ ስለሚይዝ እስፒሉን በከንፈራችን ነክሰን እንይዛለን። አባቴም እንዲያ ያደርግ ነበር፣ እኔም ከእሱ ነው የተማርኩት። አንድ ቀን የሰንጋ ተራ ነጋዴ የሆነች ሴትዮ፣ ለልጇ ሰርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ልትሞክር መጣች። ከንፈሬ ላይ ካሉት እስፒሎች አንዱን መዝዤ ወገቧ ላይ ስሰካ ወጋኋት። «ውይ!» ብላ ዘለለች። ትንሽ ደም ወጣ፤ የወባ ትንኝ የነከሰ ያህል እንኳ አይሆንም። ሴትዮዋ ደሙን አየች። ከዚያ እስፒሉን አየች፣ ከንፈሬን አየች፣ አንገቴን አየች። ያልተጠናቀቀውን ቀሚስ አወለቀች፣ በላስቲክ ከተተችው፣ ሄደች።

በሳምንቱ ሴቶቹ መምጣት አቆሙ። የተቆረጠ ጨርቃቸውን ሳይሰፋ መልሰው የወሰዱ አሉ። «አባትሽ ሲመች ይለኩኛል» ያሉም አሉ፤ አባቴ ሴት እንደማይለካ ሁሉም ያውቃል። አባቴ ከስፖንጅ ቁራጭ ትንሽ ትራስ ሠርቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ከዛሬ ጀምሮ እስፒሉን እዚህ ሰኪው» አለኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የተቆጣ መስሎኝ ሳይሆን ስላልተቆጣ ነው ያለቀስኩት።

እናቴ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ከግድግዳችን ወዲያ የምትኖር ጎረቤታችን በዚያው ዓመት ልጇን ድራ ነበር፤ ልጅቷ ከሰርጓ በፊት ባንድ ጊዜ ሙልት ብላ ሰፈሩን ያስደነቀች ናት። እናቴ እሷን አማከረች። ጎረቤታችን በማግስቱ በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ኪኒን ይዛ መጣች። ስም የለው፣ ካርቶን የለው፣ ወረቀት የለው። ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ነገር ነው።

«ቫይታሚን ነው» አለች። «ምግብ ያስወድዳል፣ ሌላ ምንም የለውም። የኔዋ ልጅ በወሯ ምን እንደሆነች አይተሻል። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ትዋጥ።»

እናቴ አስገድዳኝ ነው ብል ውሸት ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ይዛ ፊቴ ስትቆም ራሴው እጄን ዘረጋሁ። የዚያች ሴትዮ ዐይን ገና አንገቴ ላይ ነበር።

በአራተኛው ቀን ረሃቡ መጣ። ያን መሰል ረሃብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም። ለቁርስ ዳቦ እንድገዛ ተልኬ፣ አምስቱን መንገድ ላይ ጨርሼ፣ ተመልሼ ገዝቼ ገባሁ። ሽሮው ከምድጃ እስኪወርድ መጠበቅ አቃተኝ። ሆዴ ተወጥሮ ሊፈነዳ እየደረሰ አፌ «ገና ነው» ይላል። በልቼ ስነሣ ቀጥሎ ስለምበላው አስባለሁ። ነገሩ ያሳፍረኝ ነበር፤ እናቴ ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ ጉርሻዬን በዐይኗ እየተከተለች «አልሀምዱሊላህ» ትላለች። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ጉንጬ ሞላ፣ አገጬ ተደረበ። ሰፈሩም ታረቀኝ። «ተመችቶሻል!» ይሉኛል ከሩቅ። «ማሻአላህ፣ ከዐይን ያውጣሽ! አሁን ሰው መሰልሽ!» እስከዚያ ምን መስዬ እንደነበር የሚነግረኝ አልነበረም። ሴቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። የሰንጋ ተራዋ ሴትዮም ያንኑ ቀሚስ በላስቲክ ይዛ መጣች፤ «ሥራ በዝቶብኝ ነው እኮ የጠፋሁት» ብላ አቅፋ ሳመችኝ። ምን ብላት ጥሩ ነበር? ደስ አለኝ፤ እያፈርኩ ነው የምናገረው፣ በጣም ደስ አለኝ። ቀሚሱን አሳምሬ ጨረስኩላት።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ሰንጋ ተራ ብረት የሚበይድ፣ ደንዳና፣ ሳቂታ ሰው ነው። በኢድ ቀን ከእናቴ ጋር ስሄድ አይቶኝ ለአክስቱ ነግሮ፣ አክስቱ ሰፈር አስጠይቃ፣ ተስማምተው ላኩ። እናቴ እልል አለች። እኔም ወደድኩት። ከእናቱ ጋር ሊጠይቁን ሲመጡ ሁለት ሦስት ጊዜ አውርተናል፤ ያስቀኝ ነበር።

ለኒካሁ የምለብሰውን ቀሚስ ሌላ ሰው እንዲሰፋው አልፈለግኩም። አንድ ጠዋት መስታወቱ ፊት ቆሜ ራሴን ለካሁ። አባቴ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ በየኢዱ ልብስ ሲሰፋልኝ ልኬን የሚጽፍበት አሮጌ ደብተር ነበረው፤ አዲሱን ልክ ከመጨረሻው ጎን ልጽፍ ከፈትኩት። ወገቤ በአሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። ጥሩ። አንገቴ በሦስት ጨምሯል። ክንዴ ግን በሁለት ቀንሷል። ተሳስቼ መሰለኝና እንደገና ለካሁ። ያው ነው። ጭኔን ለካሁ፤ እሱም ቀንሷል።

ሰው ሲወፍር ክንዱም ይወፍራል። ይህን ሁሉም ሰው በግምት ያውቀዋል፤ ልብስ ሰፊ ግን በሴንቲ ሜትር ያውቀዋል። ብዙ ወፍራም ሴት ለክቻለሁ፤ ሆዷ ተነፍቶ ክንዷ የሟሸሸ አንድም አላጋጠመችኝም። ከዚያ ሳላይ ያሳለፍኩት ሁሉ ይታየኝ ጀመር። ማጅራቴ ሥር ጉብ ያለ ሥጋ ስለበቀለ ኮሌታ አልቀመጥ ይለኛል። ሆዴ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ሸንተረር ወጥቷል። ከወንበር የምነሣው ጠረጴዛ ተደግፌ ነው።

አባቴን ጠራሁት። መነጽሩን አድርጎ ደብተሩን አየ፣ ሜትሩን ተቀበለኝና ክንዴን ራሱ ለካው።

«ይኼ ውፍረት አይደለም ልጄ» አለ። «እብጠት ነው። ምን እየሰጡሽ ነው?»

ነገርኩት። እሱ አያውቅም ነበር፤ በሴት ጓዳ አይገባም። ቁጣዬ ምንጊዜም ከልቦናዬ ይቀድማል። ደብተሩን ሳልዘጋ ተነሥቼ፣ የቀረውን ኪኒን ከነላስቲኩ ሽንት ቤት ጨመርኩት። አንድም አላስቀረሁም። በሦስተኛው ቀን የስፌት መኪናዬን ፔዳል መርገጥ አቃተኝ። እግሬ የሌላ ሰው ሆነ። አስታወከኝ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ከዚያ ወለሉን ብቻ ነው የማስታውሰው። አባቴና ጎረቤቶቻችን ተሸክመው ታክሲ ውስጥ አስገቡኝ።

ሐኪም ቤት ግሉኮስ ሰቅለውልኝ ስነቃ አንዲት ወጣት ሐኪም አጠገቤ ቆማለች። ስለ ኪኒኑ ከአባቴ ሰምታ ነበር።

«ማነው ያዘዘልሽ?» አለችኝ።

«ጎረቤት።»

አልሳቀችም፤ የመጀመሪያዋ እኔ እንዳልሆንኩ ፊቷ ላይ አየሁ። ኪኒኑ ቫይታሚን አይደለም አለችኝ። ሰውነታችን ራሱ በየቀኑ የሚሠራው ሆርሞን አለ፤ ያለ እሱ ደም ግፊታችን ይወርዳል፣ ኃይል አይኖረንም። የዋጥኩት እሱን አስመስሎ የተሠራ ነው። ለስንት ሕመም የሚታዘዝ ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ሰው ያለ ሐኪም ሲወስደው ግን ረሃብ ይቀሰቅሳል፣ ፊትና ሆድ ይነፋል፣ የእጅና የእግር ጡንቻ ይበላል። «በየቀኑ ከውጭ ምግብ የሚመጣለት ቤት ምድጃውን ያጠፋል» አለችኝ። «የአንቺም ሰውነት እንደዚያ ነው፤ የራሱን መሥራት አቁሟል። አንቺ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን ባንድ ቀን ቆረጥሽበት።»

ስለዚህ እንደገና እንድወስድ፣ ግን በእሷ ትእዛዝ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነስኩ በወራት እንድተወው ነገረችኝ። «ትከሻለሽ» አለች፣ ነገሩን ሳታለባብስ። «ለጊዜው ከድሮሽም ትብሺ ይሆናል። አትደንግጪ።» ከፈለግሽ ደምሽንም እንየው አለችኝ። እሺ አልኩ። ውጤቱን ለብቻዬ ጠርታ ነገረችኝ፤ ነፃ ነኝ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ፣ ቤት ስገባ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። ለእናቴና ለአባቴ በቃል ነገርኳቸው፤ አባቴ አላህን አመሰገነ፣ እናቴ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

እናቴ ኪኒኑ ሊገድለኝ እንደነበር ገብቷታል። ግን ሌላም የገባት ነገር ነበር።

«እስከ ኒካሁ ብቻ እንደነበረው ዋጪው» አለችኝ በሳምንቱ። «ሦስት ወር ነው የቀረው። ከዚያ እንደፈለግሽ ትቀንሺያለሽ።»

«ከኒካሁ በኋላ ባሌ ቤት ከስቼ ስገኝስ?»

«ያኔማ አግብተሻል!»

በዚያ ሁሉ መሀል ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም። «ሰው ምን እንደሚል አታውቂም» አለች። አውቃለሁ፤ ማንም የሚለውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። «እማ፣ እኔ ሰው አፍ ውስጥ አልኖርም፤ የምኖረው እዚህ ገላ ውስጥ ነው» አልኳት። ክንዴን አሳየኋት፤ ያቺ የሟሸሸች ክንድ። አላየችም፤ ማየት አልቻለችም።

በሐኪሟ ትእዛዝ ቀነስኩ። ጉንጬ ጎደለ፣ አገጬ ወጣ፣ ያ ሁሉ ውኃ ከላዬ ወረደ። ሲወርድ ደግሞ እውነትም ከድሮዬ አሳነሰኝ። ይህ ለሰፈሩ አዲስ ማረጋገጫ ሆነ። ድሮ ቀጭን ነበርኩ፤ አሁን ወፍሬ የከሳሁ ነኝ፣ ይህ ደግሞ የበሽታው ዋነኛ ምልክት ነው ተባለ። ሴቶቹ እንደገና ቀሩ። አባቴ አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዬን ከውስጥ አውጥቶ በሩ አፍ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ የሚያየኝ ቦታ ተከለው። «እዚህ ብርሃን አለው» አለኝ። ከብርሃኑ ሌላ ምክንያት እንዳለው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እዚያ ተቀምጬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ የሚያየኝን ሁሉ ቀና ብዬ እያየሁ ሰፋሁ። የወንድ ሱሪ እግር ነው የምሰፋው፤ ሌላ ሥራ አልነበረም።

የልጁ አክስት የመጣችው ኒካሁ አንድ ወር ሲቀረው ነው። ሻይ አቀረብኩላት። ጥቂት ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ካወራች በኋላ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«የኔ ልጅ፣ ልጃችን ይወድሻል» አለች። «ግን ሰው ያወራል። ደምሽን ተመርምረሽ ወረቀቱን ብትሰጪን፣ የሰውን አፍ እንዘጋለን። ምንም ክፋት የለውም።»

«ክፋትማ የለውም» አልኩ። «የእሱንስ ወረቀት መቼ ያመጡልኛል?»

«የማንን?»

«የልጅዎን።»

«እሱ ምን ሆነና!» አለች፣ ከልቧ ተገርማ። «ሰውነቱን አላየሽም እንዴ? ምኑ ይመረመራል?»

«የእኔንም ሰውነት አይታችሁ ነበር እኮ ሽማግሌ የላካችሁት» አልኳት። «ያ ሰውነት ኪኒን ነበር። ስለዚህ ሰውነት ማየቱ አይበቃም። እሱም እኔም አብረን እንሄዳለን፣ ሁለት ወረቀት ይዘን እንመለሳለን። ካልሆነ አንድም የለም።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ያኔ እናቴ ዘላ መሀላችን ገባች። «ኧረ ተመርምራለች! ወረቀቱም አለ! መሳቢያው ውስጥ ነው!» ወደ እኔ ዞራ እጄን ያዘችኝ። «አምጪላቸው ልጄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ።»

አክስትየዋ በሩ ላይ ቆመች። «እንግዲያው አሳዪን» አለች።

«አላሳይም።»

ይህችን ቃል ለምን እንደተናገርኩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ትዕቢት ነው ያሉኝ አሉ፤ ትዕቢትም አለበት። ግን በዚያች ቅጽበት ፊቴ ላይ የመጣችው ከመንደራችን ጫፍ አምባሻ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት። እሷ ከስታ፣ ፀጉሯ ሳስቶ፣ ሰው መግዛት አቁሞባት ነበር። እኔም አቁሜያለሁ። አምባሻዋን ላለማየት ዙሪያውን እሄድ ነበር፤ እኔ፣ አንዲት እስፒል ደንበኞቼን ያባረረችብኝ። ወረቀቴን ከፍ አድርጌ ባሳይ «እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት» ማለቴ ነው። እሷስ ምን ታሳያቸው? ደግሞ ዛሬ ለአክስቱ ካሳየሁ ነገ ለሰንጋ ተራዋ ሴትዮ፣ ከነገ ወዲያ ሱሪ ሊያሳጥር ለሚመጣው ሁሉ ማሳየት አለብኝ። ወረቀት በደረቴ ለጥፌ አልኖርም። ይህን ሁሉ ግን ያኔ አላልኩም። ያልኩት «አላሳይም» ብቻ ነው።

«እንግዲህ ነገሩ ገብቶናል» አለች አክስትየዋ፤ ወጣች። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ መጥተው ነገሩን አፈረሱ። ያ ሳቂታ ልጅ ራሱ አንድ ቃል አልላከብኝም። ከሁሉ ያመመኝ እሱ ነው። ለእኔ ብሎ ለመመርመር እሺ ባለማለቱ አይደለም፤ መጥቶ ዐይኔን አይቶ አለመጠየቁ ነው።

ግን አክስትየዋ ወደ ወጣችበት ቀን ልመለስ። እናቴ ወንበር ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ መልሴን አዘጋጅቼ ነው የጠበቅኳት። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እሺ፣ ለእነሱ አታሳዪ» አለች። «ለእኔ ብቻ አሳዪኝ።»

«ምኑን? ነግሬሽ የለም እንዴ?»

«ነግረሽኛል። ልቤ እንዳይሰበር ብለሽ የዋሸሽኝ ነው የመሰለኝ። አምጪ ያልኩሽም ደፍረሽ ብታወጪው ልቤ እንዲያምን ብዬ ነው።» መሳቢያውን በአገጯ አሳየችኝ። «እናንተ በሌላችሁበት ስንቴ አውጥቼ አይቼዋለሁ። ምን ይላል? ማንን ላስነብብ? ጎረቤት ባስነብብ ያው ወሬ ሆነ። አባትሽን ልጠይቀው እልና እውነት ሆኖ ከነገረኝስ እላለሁ።»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ያን ሁሉ ወራት ያቺን የታጠፈች ወረቀት እየከፈተች፣ የማታውቀውን ጽሕፈት እያየች፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው እያለች ኖራለች። ሰው ምን ይላል ስትለኝ፣ ሰው ከሚለው ይልቅ የፈራችው ሌላ ነገር ነበር። ንዴቴ ሁሉ በረደ። ግን እጄ ወደ መሳቢያው አልሄደም።

እግሯ ሥር ቁጭ አልኩና «እማ» አልኳት። «ወረቀቱን ባወጣው እኔው ነኝ የማነብልሽ። የምትሰሚው ያው የእኔን አፍ ነው። እንግዲያው ያለ ወረቀት ስሚኝ፤ አልታመምኩም። ልትቀብሪኝ አይደለም። ቀጭን ነኝ፣ በቃ፣ ቀጭን ነኝ።»

ብዙ አየችኝ። መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ አንገቴን፣ ከዚያ ያን ጊዜ ሳሳያት ማየት ያቃታትን ክንዴን። በሁለት እጇ ያዘችው፤ ጣቶቿ ዙሪያውን ዞረው ተገናኙ። አላለቀሰችም።

ከዚያ የሻይ ብርጭቆውን አነሣችና ልታለቀልቀው ወደ ደጅ ወጣች። አክስትየዋ ስትወጣ ያዩ ሴቶች በየበራቸው ቆመው ነበር። ማንኛቸው እንደሆነች አላየሁም፤ አንዷ «ደህና ሸኛችኋቸው?» አለችና ቀጥላ፣ ለእኔ ያዘነች መስላ፣ «ልጅቷ ግን ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው?» ስትል ሰማሁ።

«አልከሳችም» አለች እናቴ፣ መንደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ቀጭን ናት። ምን ይጠበስ?»

ብርጭቆውን አለቅልቃ፣ ውኃውን መሬት ላይ ደፍታ ገባች።